ጥንድ ጨዋታ የተራፊ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ባድሜንተን፣ የላባ ኳስ በመረብ ላይ በራኬት ስለሚመታበት ጨዋታ፣ ባወጣችሁት ጽሑፍ ጥንድ ጨዋታ (ሁለት ለሁለት) በነጠላ (አንድ ለአንድ) ያልቀናው ሰው መጠጊያ ነው መባሉ አልተዋጠልኝም። ኢንዶኔዢያዊው ሄንድራ ሴቲያዋን 4 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በጥንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከማርኪስ ኪዶ ጋር፣ በ2013፣ በ2015 እና በ2019 ደግሞ ከሞሐመድ አህሳን ጋር። የመጨረሻውን ሲያነሣ 35 ዓመቱ ነበር! ጉልበት ሲቀንስ ዓይንና መግባባት ይተካሉ።

እኛ ደብረ ብርሃን ላይ ሲባጎ ወጥረን ነው የምንጫወተው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ የላባ ኳሷ ጎረቤት ግቢ ትገባለች። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷ ከልክ በላይ ትፈጥናለች። ስለዚህ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት ይከፈትልን። ኳስ ሲገዛም ለደጋ የሚሆነው፣ ቀርፋፋው ይመረጥ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን