የቻያ ቅጠል ሳይበስል አይበላ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቻያ የተባለው ቁጥቋጦ ለግቢ ውበትም ለምግብም እንደሚሆን እየተነገረለት መምጣቱ ደስ ቢያሰኘኝም፣ ስለ አበሳሰሉ የሚሰጠው ማብራሪያ እጅግ አጭር መሆኑ ስላሳሰበኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

በሜክሲኮ የዩካታን ባሕረ ገብ መሬት የማያ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሲመገበው የኖረው ይህ ተክል በሰፋፊ ቅጠሎቹና በነጫጭ አበቦቹ ዐይን ይማርካል፤ ድርቅን ይቋቋማል፤ ከግንዱ ተቆርጦ በተተከለ ቅርንጫፍም በቀላሉ ይጸድቃል። ቅጠሉ በፕሮቲን፣ በካልሲየምና በብረት የበለጸገ ስለሆነ ለጓሮ አትክልት ፈላጊ ቤተሰብ እውነተኛ በረከት ነው።

ይሁን እንጂ ቻያ የካሳቫ ዘመድ ነው። እንደ ካሳቫ ሁሉ ጥሬ ቅጠሉ ሲቀጠቀጥ ወይም ሲታኘክ ሳያናይድ የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለው፣ ሰላጣ ውስጥ መጨመሩም ሆነ ከፍራፍሬ ጋር ፈጭቶ መጠጣቱ (ይህ እንደ ጤና ምክር መቅረቡ በእጅጉ ያሳዝነኛል) ሊቀር ይገባል። ቅጠሉን አጥቦና ቆራርጦ ክዳኑ በተከፈተ ድስት 20 ደቂቃ ያህል መቀቀል መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር እንዲወጣ ያደርጋል። የሚለበልብ ጸጉር ያለው ዝርያም ስላለ ሲቀነጠብ ጓንት ማድረግ ይበጃል።

ሥጋቴ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በታይዋን፣ ካቱክ የተባለውን ሌላ ቁጥቋጦ ጥሬ ጭማቂ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ የጠጡ ብዙ ሰዎች ለማይድን የሳንባ ጉዳት ተዳርገዋል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለ እንዲህ ያሉ ተክሎች ሲጽፍ የአበሳሰል መመሪያውን በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ እንዲያሰፍር፣ ችግኝ ሻጮችም ለገዢው ይህንኑ ሳይናገሩ እንዳይሸጡ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የዘወትር አንባቢ