ስፒናውን ንቀይ

ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ ፈተናውን ጨርሶ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል። የኔም ጉልበት ብርዱ ከወጣ ወዲህ ተሽሎኛል።

አክስትሽ አዳማ ደርሳ ስትመለስ የቤትሽን ፎቶ ላከችልኝ። አዲሱን መጋረጃሽን ልታሳየኝ ብላ ነው። የኔ ዓይን የሄደው ግን ጠረጴዛው ሥር ነው። አንዲት ማከፋፈያ ላይ የስልኩ ቻርጀር፣ የውሃ ማፍያው፣ ከጓደኛሽ የተዋስሽው ኮምፒውተር፣ ይባስ ብሎ የምጣዱ ገመድ ተሰክቷል። አጠገቧ ውሃ የሞላ ጀሪካን ቆሟል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አንድ ነገር ስሚኝ፣ ሌላውን ብትረሺው አልቀየምሽም። መብራት ሲሄድ ስፒናውን ንቀይ። ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍቼዋለሁ ብለሽ አትተዪው። ከግድግዳው ንቀዪው። መብራቱ ሲመለስም ቶሎ አትሰኪ። አምፖሉ ሳይርገበገብ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ትሰኪያለሽ። ዕቃ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሲመለስ ነው። የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ምጣድና ወፍጮ ባንዴ ሲነሣ ኃይሉ አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይዘላል። ለ220 ቮልት የተሠራ ዕቃ ያን ዝላይ አይችለውም።

ምጣዱን ዛሬውኑ ከዚያ ማከፋፈያ አውጪው። ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። ያቺ ቀጭን ገመድ ለሱ አልተሠራችም፤ ግላ ትቀልጣለች። አከራይሽን አስፈቅጂና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስመጪ፣ ለምጣዱ የራሱን ሶኬት ያውጣለት። ክፍያውን እኔ እችላለሁ። ጀሪካኑንም ወደ በሩ አድርጊው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ። የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ጀመርኩ ስትዪኝ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልነገርኩሽም። አባትሽ በሕይወት ኖሮ ቢሰማ አገር ምድሩን ያስወራ ነበር። ዴስክቶፕ ልግዛ ማለትሽም ትክክል ነው። በጽሕፈት ሱቄ ስንት ማሽን እንዳለፈ ታውቂያለሽ። ዴስክቶፕ አንድ ነገሩ ሲበላሽ ያንኑ ትቀይሪና ሥራሽን ትቀጥያለሽ። ላፕቶፕ ሲበላሽ ግን አብዛኛው ነገሩ የተጣበቀ ነው፣ ጠጋኙም ኪስሽን ያራቁታል።

በቴሌግራም ያገኘሽው ሰውዬ ግማሹን ብር ቀድመሽ ላኪ ብሎሻል አሉ። አትልኪ! አምስት ሳንቲም አትልኪ። ያላየሽውን ዕቃ፣ ያልነካሽውን ማሽን በፎቶ አትግዢ። አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ የኮምፒውተር ሱቅ ሞልቷል። የአጎትሽን ልጅ ይዘሽ በጠዋት ሂጂ፣ እሱ ዋጋ መከራከር ያውቅበታል።

ያገለገለ ብትገዢ ነውር የለውም። እነዚያ ከውጭ ቢሮዎች ወጥተው የሚመጡት ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ጠንካሮች ናቸው። ግን ጀነሬሽኑን፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል ስንተኛው ትውልድ እንደሆነ፣ ጠይቂ። «ኮር አይ 5 ነው» ብቻ ቢልሽ እሺ አትበዪ፤ ስንተኛ ጀነሬሽን በዪው። ከ8ኛ በታች ከሆነ ተዪው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ላይ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ጀነሬሽን በፊት የወጡትን የኢንቴል ማሽኖች በአብዛኛው አይቀበልም። ቀጭኗ ሳጥን ታምራለች፣ ጠረጴዛም አትይዝም፤ ግን አትግዢያት። ነገ ለቪዲዮ የሚሆን ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ልጨምር ብትዪ አይገባም። ፓወር ሰፕላይዋም፣ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍሏ፣ የራሷ ቅርፅ ስላለው ሲቃጠል ምትኩን ፍለጋ ትንከራተቻለሽ። ትልቁን ሳጥን ግዢ። ራሙ፣ ማሽኑ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት፣ 16 ጊጋ ይሁን። ዊንዶውሱና የያዝሽው ሥራ ፈጣኑ ዲስክ ኤስኤስዲ ላይ፣ ያለቀው ቪዲዮ ተራው ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ከሱቁ ሳትወጪ ቪዲዮ ክፈቺበት፣ ፍላሽሽን በየቀዳዳው እየሰካሽ ሞክሪ፣ የጆሮ ማዳመጫሽንም ከፊትም ከኋላም ሰክተሽ ድምፁን ስሚ። ሻጩ ቢቻኮል አንቺ አትቻኮዪ።

ድምፅ ካልኩ አይቀር፣ አባትሽም ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሞከረው ድምፁን ነበር። በ1995 ያን ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ሲያመጣው አንቺ ገና ዳዴ ትዪ ነበር። ካርቶኑ ላይ «መልቲሚዲያ» የሚል ተለጥፎበታል። ያኔ ይኼ ማለት ሲዲ ያጫውታል፣ ስፒከርና ማይክሮፎን አለው ማለት ነው። ስክሪኑ ያ ከኋላው የገፋው ከባዱ ነው። ጣራ ላይ ይጫን ሲሉት እምቢ ብሎ 400 ኪሎ ሜትር ጭኑ ላይ ታቅፎት ደሴ ገባ። ያ አሁን ሬዲዮኑ ላይ ያለው ዳንቴል ለሱ የሠራሁት ነው።

ቀጥሎ ያለውን በግማሹ ታውቂዋለሽ። አያትሽ እምዬ የ66ቱን ክፉ ቀን፣ ያን ረሃብ፣ አንሥታ አታውቅም ነበር። አባትሽ ማይክሮፎኗን እጇ ላይ አስቀምጦ «እስቲ ንገሪኝ» አላት። በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ያዘቻት፣ እንዳታቆሽሻት ነው መሰለኝ። ከዚያ ተናገረች። ከላስታ ተነሥታ በእግሯ ስትመጣ ያደረችባቸውን መንደሮች አንድ በአንድ ጠራች። አባትሽ እጇን ይዞ ይሄዳል፣ ታናሽ እኅቱ ጀርባዋ ላይ ናት። ሕፃኗን የቀበረችበትን ቦታ ስም ጠራች። ከየትኛው ዛፍ በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ሁሉ ተናገረች። እኔ ቡና እያፈላሁ እሰማለሁ። ማሽኑ ይዞታል ብለን እኛ በቃላችን ለመያዝ አልጣርንም።

አባትሽ ሊገለብጠው ፈልጎ ነበር። ያኔ ያለን ዲስኬት ነው፣ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት። እሱ ደግሞ በጥሩ ጥራት ይሁን ብሎ ስለቀዳው ድምፁ በደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት ይወስዳል። ለአንዷ ደቂቃ ሰባት ዲስኬት ያህል ማለት ነው። ሲዲ የሚጽፍ ማሽን ያለው ሰው ደሴ ውስጥ ፈልጎ አጣ። አዲስ አበባ ስሄድ አስጽፈዋለሁ አለ።

ክረምት ገባ። አንድ ማታ መብራት ሄዶ በሻማ እራት እየበላን ነው። ስፒናው ሶኬቱ ላይ ነበር። መብራቱ ሲመጣ አምፖሉ ቦግ ብሎ ነጭ ሆነ፣ ከሳጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ጷ አለ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ቢሆን ተቀይሮ ባለቀ። ሃርድ ዲስኩንም ይዞት ሄደ። አባትሽ በፎጣ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ወሰደው። ያየው ባለሙያ ቦርዱ ነዷል፣ የሚወጣ ነገር የለም ብሎ መለሰለት።

እምዬን ደግመሽ ንገሪኝ ሲላት «ነገርኩህ እኮ» ብላ ፊቷን አዞረች። በዓመቱ ዐረፈች። እኔና አባትሽ የቦታውን ስም ለማስታወስ ስንሞክር እሱ አንድ ስም ይላል፣ እኔ ሌላ። ሁለቱም ቦታ ሄዶ ጠየቀ። የሚያውቅለት ሰው አላገኘም። የእኅቱን መቃብር ሳያይ ሞተ። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ምነው ያን ቀን አጠገባቸው ሆኜ አንዲት ቃል በወረቀት ይዤለት ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ስለዚህ ስፒናውን ንቀይ ስልሽ እማዬ ተጨነቀች ብለሽ አትሳቂ፣ እሺ ሆዴ?

ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪው ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን፣ ሳትገዢ ኮምፒውተሩን ሥራ አታስጀምሪው። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ዴስክቶፕ የለውም። መብራቱ ሄደ ማለት ሴቭ ያላደረግሽው ሁሉ አብሮ ሄደ ማለት ነው። አቅሙ 650 ቪኤ የሚባለው ለመጀመሪያ ይበቃሻል። ሥራ የሚያሠራሽ እንዳይመስልሽ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጥሽ፣ ሴቭ አድርገሽ በወጉ የምታጠፊበት። ሳጥኑንና ስክሪኑን ብቻ ሰኪበት። ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማል፣ በቶሎ መጮህና መጥፋት ሲጀምር ባትሪውን ብቻ ታስቀይሪያለሽ። ዩፒኤስ አለኝ ብለሽም እንዳትዘናጊ። ያን ጊዜም መብራት ሲሄድ ሥራሽን ሴቭ አድርገሽ፣ ማሽኑን አጥፍተሽ የዩፒኤሱን ስፒና ንቀይ።

የሰው ሠርግ ደግሞ ሁለተኛ አይደገስም። ካሜራው ላይ ያለውን ሳታጠፊ ሁለት ቦታ ገልብጪው፤ አንዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ሌላው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ። ኤክስተርናሉ ሁልጊዜ ተሰክቶ አይዋል፣ ቁምሳጥንሽ ውስጥ ይቀመጥ። የደንበኛ ፍላሽ ሳትፈትሺ አትክፈቺ። ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ሱቄን ምን እንዳደረገው አይተሻል። የአባትሽን ደብዳቤዎች አዲሱ ማሽን ላይ ስትከፍቻቸው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ቢመጡብሽ ተበላሹ ብለሽ አታጥፊያቸው። በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፉ ስለሆኑ ነው። ፎንቱ እኔ ጋ አለ፣ እልክልሻለሁ።

ሌላው የሰማሁት አላስደሰተኝም። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስክሪን ላይ ተፈጥጠሽ ጠዋት ሥራ ትገቢያለሽ አሉ። ይኼ ምንድነው? ሙሽራ ቪዲዮዋን ሁለት ቀን ብትጠብቅ ምን ትሆናለች? የአባትሽን ዓይን ነው የወረስሽው፣ እሱ በአርባ ዓመቱ ያለ መነጽር ጋዜጣ ማንበብ አቅቶት ነበር። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለሽ በመስኮት ራቅ ያለ ነገር እዪ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በላይ አትቆዪ። ያለኝ አንድ ክፍል ነው ትዪኝ ይሆናል፤ እንግዲያው ያን ያማረ መጋረጃ አልጋሽና ጠረጴዛው መካከል ጋርጂው፣ ማታ ማሽኑን ሳታዪው ተኚ።

የአዳማ አቧራም ከባድ ነው። ሳጥኑን መሬት ላይ አታስቀምጪው፣ ከግድግዳውም ፈቀቅ ይበልና አየር ያግኝ። በየሁለት በየሦስት ወሩ ክፈቺና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዘሽ አራግፊው። ይኼን ስታደርጊም ቅድሚያ ስፒናውን ንቀይ።

የዩፒኤሱን ብር ዛሬ ጠዋት በቴሌብር ልኬልሻለሁ። ለሌላ ነገር እንዳታውዪው፣ ለጫማ ከፈለግሽ ለብቻው ንገሪኝ። ዕቃውን ስትገዢ ደረሰኝና ዋስትናው የተጻፈበትን ወረቀት ሳትቀበዪ አትውጪ። ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደውዪ፣ ጠዋት ገበያ ነኝ።

እናትሽ
ደሴ