ሽሮው ውስጥ ስንት ጨው አለ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን አንድ አንባቢያችሁ «ባለሙያ ሴት ጠፋች» ብለው የጻፉትን አነበብኩት። እንጀራ ከሱቅ፣ በርበሬ ከባልትና፣ ለልጅ ቁርስ ኢንዶሚ፤ ታዲያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ምን ቀረ ይላሉ። ቁጭታቸው ይገባኛል። ከልባቸው የጻፉት መሆኑም ያስታውቃል። ግን ጥፋቱን የጣሉት እንደኔ ባለችው ሴት ላይ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ነኝ። ማታ ቤት ስደርስ አንድ ሰዓት አልፏል። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ እናቴም አብራኝ ናት። እንጀራ እገዛለሁ። ሽሮና በርበሬም እገዛለሁ። ወጡን ግን እኔና ባለቤቴ ቤታችን ውስጥ ነው የምንሠራው። ሽንኩርት መክተፍ የሱ ነው፣ ማቁላላቱ የኔ።

እንጀራ መጋገር የተውኩት ጠልቼው አይደለም። ጤፉን አስፈጭቶ፣ ነፍቶ፣ በእርሾ አቡክቶ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ነው። ከዚያ አብሲት ጥሎ፣ ኩፍ እስኪል ጠብቆ መጋገር ነው። ይህን ሁሉ አድርጌ ምጣዱ ላይ ሦስተኛውን እንጀራ ሳወጣ መብራት ጠፋ። ማታውን አልመጣም። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሊጡ ሆምጥጦ ዕቃውን ሞልቶ ፈስሷል። እናቴ የሆመጠጠ ነገር ስለማትወድ «ተይው ልጄ፣ ግዢ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እገዛለሁ።

የበርበሬው ደግሞ የባሰ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አምስት ኪሎ ዛላ ገዛን። እማዬ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጣ ቀነጠሰች። አጠብን፣ በረንዳ ላይ አሰጣን። በረንዳችን ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው ከጠዋቱ እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን ይዘን ደለዝን፤ መልሰን አሰጣን። ጥቁር አዝሙዱንና ኮረሪማውን ሳምስ ቤቱ ደስ የሚል ሽታ ሸተተ። ዛላውን ማመስ ስጀምር ግን ኮሪደሩ ሁሉ ሳል በሳል ሆነ። ፊት ለፊታችን ያለችው ጎረቤቴ አራስ ነበረች። ልጇን በነጠላ ሸፍና ወደ ታች ስትሮጥ አየኋት። ምድጃውን ወዲያው አጠፋሁት። አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔ ግን እስካሁን ፊቷን ሳየው ያሳፍረኛል። በርበሬ ግቢና ፀሐይ ይፈልጋል። አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለቱም የሉም።

ስለዚህ ጸሐፊው ጠፋች ያሏት ባለሙያ አልጠፋችም እላለሁ። ሰፈራችን ውስጥ አለች። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሁለት ምጣድ ጥዳ ለብዙ ቤት ትጋግራለች። ጢስና እንፋሎት ዓይኗን አቅልቶታል። እኔ የምገዛው የሷን ሙያ ነው፤ ስገዛም አላፍርም። ልጆቿን የምታስተምረው በዚሁ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ።

እማዬ የደም ግፊት አለባት። መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ቀጠሮዋንም አናሳልፍም። ባለፈው ክትትል ግን ቁጥሩ አልወርድ አለ። ነርሷ ደግ ልጅ ናት፣ ቁጭ አድርጋ ጠየቀችን። «ጨው ቀንሳችኋል?» አዎ አልን። እውነታችንን ነው። ከወጡ ላይ ካቆምን ወራት ሆኖናል። «ወጡ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። «ሽሮ ነው፣ ብዙውን ጊዜ።» «ሽሮው ምጥን ነው?» አዎ። «ምጥኑ ውስጥስ ስንት ጨው አለ?»

እኔና እማዬ ተያየን።

ቤት ገብቼ ላስቲኩን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ግማሽ ኪሎ ነው። ቀይ ሥዕል አለው፣ የመሶብ። «ንጹሕ የባልትና ውጤት» ይላል። ስልክ ቁጥርም አለው። ከታች በትንንሹ «አተር፣ ሽምብራ፣ በርበሬ፣ ቅመማ ቅመም፣ ጨው» ተብሎ ተዘርዝሯል። በቃ፣ ይኼው ነው። ስንት ጨው እንደሆነ አይልም። መቼ እንደተፈጨም አይልም። በርበሬውን ያመጣሁበትን ላስቲክ አየሁ። እሱ ላይማ የተጻፈ ነገር የለም፣ ጫፉ በሻማ ተለብልቦ የታሸገ ነው። እዚያም ውስጥ ጨው አለ፤ ያለ ጨው የተዘጋጀ በርበሬ የት ይገኛል? እማዬ ከድስቱ ላይ ያስቀረሁላትን ጨው ለካ በሁለት በኩል መልሳ ትበላው ነበር።

ስልኩ ላይ ደወልኩ። አንዲት እናት አነሱ። ትሕትና ያላቸው ሴት ናቸው። «ልጄ፣ እንደ ቤታችን ነው የምናደርገው። በእፍኝ ነው» አሉኝ። ለስንት ኪሎ ስንት እፍኝ ብዬ ስጠይቃቸው «እሱማ ለእጅ ይታወቃል» አሉ። አላታለሉኝም። እናቴም ድሮ በእፍኝ ነበር የምትመጥነው። ሙያ በልብ ነው እንላለን አይደል? ነገር ግን እናቴ ስትመጥን የሚበላው ቤተሰቧ ነበር። ማን ግፊት እንዳለበት፣ ማን ስኳር እንዳለበት ታውቃለች። እሳቸው ሽሯቸው ማን ቤት እንደሚደርስ አያውቁም። ስለዚህ በልብ የነበረው ላስቲኩ ላይ መጻፍ አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ግፊት ላለበትም ለሌለበትም ነው ይህ የተባለው። እኛ ደግሞ ከመለካታችን በፊት ምን ያህሉ ሽሮው ውስጥ እንዳለቀ አናውቅም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው እህቴ ይህን ስነግራት፣ እዚያ ካለ የሐበሻ ሱቅ የገዛችውን ምጥን ሽሮ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የኛው ሽሮ ነው። ጀርባው ላይ በሠንጠረዥ ሁሉም ነገር ሰፍሯል፤ የሶዲየሙ ልክ በሚሊግራም ተጽፏል። በ2.5 ሲባዛ የጨው ልኩን ይሰጣል፤ እህቴ ናት ያስረዳችኝ። እዚያ ሕጉ ስለሚያስገድድ ይጻፋል ማለት ነው። እዚህ እናቴ የምትበላው ላይ የማይጻፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕግ የለም እንዳይባል የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም አለ። እንጀራ ውስጥ ጀሶ ወይም ሰጋቱራ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ ተገኘ በተባለ ቁጥር ዘመቻ ሲካሄድ እንሰማለን። ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ግን እኔን ያስቸገረኝ አጭበርባሪ አይደለም። የታመነች እናት፣ በንጹሕ እጅ፣ ያለ ቁጥር የሠራችው ሽሮ ነው።

ጨው ብቻም አይደለም። ሽሮው ከምን እህል እንደሆነ ይጻፍ። አተር ነው? ሽምብራ ነው? ባቄላ ነው? ጓያስ ገብቶበታል? ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ እንደሚችል ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። እንጀራውም ጤፍ ብቻ ነው ወይስ ሩዝና ገብስ ተቀላቅሎበታል? መቀላቀሉ ነውር አይደለም፤ ጤፍ የተወደደበት ዘመን ነው። ለስንዴና ለገብስ አንጀታቸው የማይስማማ ሰዎች ግን ጤፍ ነው ብለው ገዝተው ሊታመሙ ይችላሉ።

ባልትና ቤቶቹ ላይ ትልቅ ወጪ ይጫን እያልኩ አይደለም። ላቦራቶሪ ያላቸው ይመስል የእህቴን ዓይነት ሠንጠረዥ ነገ አምጡ አልልም። ቢያንስ የጨውን ነገር በሚዛን መጀመር ይቻላል። ለአሥር ኪሎ ሽሮ የገባውን ጨው ቅመሙ ላይ ከመድፋት በፊት መመዘን፣ ከዚያ በ100 ግራም ስንት እንደሚደርስ ማካፈል፣ ማኅተም አስቀርጾ ላስቲኩ ላይ መምታት። ቀበሌና ወረዳ ሴቶችን በማኅበር ሲያደራጁ ይህንንም አብረው ቢያሠለጥኑ ምን አለ? ጨው የሌለበት ምጥንም አዘጋጅቶ ለብቻ መሸጥ ይቻላል። ገዢ አይጠፋም፤ አንደኛዋ እኔ ነኝ።

እስከዚያው እኛ ቤት ያደረግነው ይህ ነው። ምጥኑን ትተን ነጭ ሽሮ ገዛን፣ ሻጯን ጨው እንደሌለበት ሦስት ጊዜ ጠይቀን። ለእማዬ የሚሆን አንድ ኪሎ በርበሬ ብቻ ያለ ጨው አዘጋጀን። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ አላመስኩም። ባለቤቴ ቅዳሜ ጠዋት ቡራዩ ግቢ ያላት አክስቱ ዘንድ ዛላውን ይዞ ሄደ። ራሱ ቀነጠሰ፣ ራሱ አመሰ፣ ወፍጮ ቤትም ተሰልፎ አስፈጭቶ ማታ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። «ባለሙያ ጠፋ» ላሉት ወንድማችን ይህን በቅንነት እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ሽሮው መጀመሪያ እማዬን አልጣማትም። ነጭ ሽንኩርትና ኮረሪማ ጨመርንበት፣ ጤና አዳም ጣል አደረግን። አሁን «ይህስ ደህና ነው» ትላለች።

ቀጣዩ ቀጠሮዋ ጥር ላይ ነው። እንጀራዋን አሁንም ከሰፈር እንገዛለን፣ በበዓል ሰሞንም ከባልትና ቤት የምናመጣው ነገር አይጠፋም። ነርሷ «ስንት ጨው አለው?» ብላ ስትጠይቀኝ ከላስቲኩ ላይ አንብቤ መንገር ነው የምፈልገው።

አንዲት አንባቢያችሁ፣
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ