የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ስለሆነ ብቻ ሕመምተኛ ወደ ቤቱ እንዳይሸኝ

ለጤና ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ በድንገተኛ የልብ ሕመም ምርመራ ላይ አስገዳጅ መመሪያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

እኔ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። በአንድ የሌሊት ተራዬ፣ ዕድሜው ከአምሳ ያለፈ የስኳር ሕመምተኛ «አፈ ልቤን ያቃጥለኛል» እያለ መጣ፤ ሸሚዙ በላብ ርሶ ከጀርባው ተጣብቋል። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚያሳይ ምርመራ) ተነሣ፣ ወረቀቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። የጨጓራ ሽሮፕ ጠጥቶ ቀለል ሲለው ሸኘነው። ሳይነጋ በቃሬዛ ተመለሰ፤ በሁለተኛው ወረቀት ላይ የኤስቲ መስመር (የልብ ደም ቧንቧ ሲዘጋ ከፍ ሊል የሚችለው የኢሲጂው ክፍል) ከቦታው ተነሥቶ ጉብ ብሏል።

የተሳሳተው መሣሪያው አልነበረም። ኢሲጂ የሚያሳየው በተነሣበት ቅጽበት ያለውን ብቻ ነው፤ በከፊል የተዘጋ የልብ ደም ቧንቧ ምልክት ሳይተው ሊያልፍ ይችላል፣ የተለመደው ባለ 12 መስመር ኢሲጂም የልብን ጀርባ በቀጥታ አያይም። ስለዚህ ሕመምተኛው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነሥቶ፣ ሕመሙ ካልለቀቀው በየ15 እስከ 30 ደቂቃው መደገም ይኖርበታል። የጨጓራ መድኃኒት ማስታገሱም (እኛን ያዘናጋን ይኸው ነው) ልብን ነጻ አያወጣም።

የደም ምርመራውም ትዕግሥት ይጠይቃል። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን ሲሆን፣ በተለመደው ምርመራ ከፍ ብሎ እስኪታይ ጥቂት ሰዓታት ስለሚወስድ ቶሎ የተቀዳ ደም ሊያታልል ይችላል። በሌላ በኩል የኩላሊት ሕመምና በሳንባ ደም ቧንቧ የረጋ ደምም ትሮፖኒንን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ ሐኪም የሚወስነው ቁጥሩ በተደጋገመ ምርመራ ሲወጣ ወይም ሲወርድ አይቶ፣ ከሕመሙ ምልክት፣ ከኢሲጂው ወይም ከልብ አልትራሳውንድ ጋር አገናዝቦ ነው። ኤስቲ በግልጽ ከተነሣ ግን የደም ውጤት መጠበቅ ጡንቻውን መግደል ነው፤ ቧንቧውን ወደ መክፈት መሄድ ይገባል።

ሚኒስቴሩ እነዚህን ድግግሞሾች ለሐኪሙ ምርጫ የተተዉ ሳይሆኑ ግዴታ እንዲያደርጋቸው፣ ኢሲጂም ካርድ እስኪወጣ ሳይጠበቅ እንዲነሣ እጠይቃለሁ። በምንሠራበት የልየታ ቅጽ (ሕመምተኞችን እንደ አጣዳፊነታቸው የምንለይበት) ላይ «የደረት ሕመም» የሚል ሣጥን ብቻ አለ፤ የዚያ ሰው ቅሬታ ሊገባበት አልቻለም። ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ስለ ትንፋሽ ማጠር፣ ስለ ማቅለሽለሽ ወይም ስለ አፈ ልብ ማቃጠል ስለሆነ፣ እነዚህ ቃላት በቅጹ ላይ እንዲጨመሩልን በአክብሮት አመለክታለሁ።

አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ