የተፈጥሮ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከዛፉ ሥር ምን በቀለ?

የክበባችን ስም ሲነሳ ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ችግኝ ተከላ ነው። ክረምት ሲገባ ዶማና አካፋ ይዞ መውጣት፣ ጭቃ በጭቃ መሆን፣ ፎቶ መነሳት፣ በቃ። ዘንድሮ መስከረም ላይ ግን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ እስካሁን የተከልነው ሁሉ የት ደረሰ?» አለችኝ። የሚመልስላት ሰው ጠፋ። ስለዚህ ዓመቱን ለንባብና ለቆጠራ ሰጠነው። ስለ አገራችን ብዝኃ ሕይወት በቅርብ የወጡ ጥናቶችን እየመረጥን፣ እንግሊዝኛው ሲከብደን የቋንቋ መምህራንን እያስቸገርን አነበብን።

የመጀመሪያው ስለ ቀይ ቀበሮ ነበር። ኅዳር ላይ ነው የወጣው፤ እኛ እጅ ሲገባ ትኩስ ነበር። ተመራማሪዎች ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮዎች የአሸንዳን አበባ እየላሱ ጣፋጩን ፈሳሽ ሲመገቡ አዩ። አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይዳስሳል። አፍና አፍንጫው በአበባ ብናኝ ይለወሳል። እናም ተመራማሪዎቹ «ይሄ አውሬ ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ እያደረሰ ርክበ ብናኝ ያካሂድ ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ያካሂዳል አላሉም፤ ሊሆን ይችላል ነው ያሉት። ይህን ልዩነት ለልጆቹ ማስረዳት አንድ ሙሉ ስብሰባ ፈጀብኝ፤ ግን ዋጋ ነበረው። ለረጅም ዓመታት ቀይ ቀበሮን ያጠኑት ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሲሌሮ የአበባውን ጣፋጭነት መጀመሪያ ያወቁት የእረኛ ልጆች ሲልሱት አይተው ነው። ይህን ስናነብ ከአርሲ የመጣ አንድ አባላችን «እኛም እንልሰው ነበር እኮ!» ብሎ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ዝነኛ ሆኖ ሰነበተ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ስነግራቸው ግን ክፍሉ ዝም አለ።

ስለ ጥንብ አንሳም አንብበናል። በአገራችን ቄራዎች ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 የተካሄደ ቆጠራ ነው፤ ለመጥፋት የተቃረቡት ጥንብ አንሳዎች ሲቀንሱ የባዘኑ ውሾች ተበራክተዋል። ጧት ጧት በትምህርት ቤታችን በር ላይ ከውሻ ጋር ለሚሯሯጡት ተማሪዎች ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ዓመቱን የበላው ግን የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን የከበቡ ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ዙሪያው እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር ይህ ሁሉ የተረፈው በቅጽር ውስጥ ነው። ሌላ ቡድን ደግሞ ጣሊያን በወረራው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ከአውሮፕላን ያነሳቸውን ፎቶዎች ከ2015 ምስሎች ጋር አስተያይቷል። ሁላችንም «ደኑ አልቋል» የሚል መልስ ነበር የጠበቅነው። እነዚያ ደኖች ግን በስፋታቸው ያን ያህል አልቀነሱም። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው።

«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?» አለ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ። ችግሩ ከዛፉ ሥር ነው። የዶክተር ዓለማየሁና የባልደረቦቻቸው ጥናት እንደሚያሳየው የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተከማችቶ አይቆይም። እናት ዛፏ ከሄደች መሬቱ መልሶ አያበቅላትም። የጽድ፣ የወይራና የጥቁር እንጨት ዘር ዘርተውና ችግኝ ተክለውም ሞክረዋል። ከብት እንዳይደርስ በታጠረው ቦታ ሲተርፍ ባልታጠረው ይረገጣል፣ ይበላል። አንዳንድ ደኖች በድንጋይ ካብ የታጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ድንጋዩ የሚለቀመው ከገበሬው ማሳ ላይ ነው፤ ማሳውም ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል። እኔ በበኩሌ ካነበብናቸው ሐሳቦች ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ርካሽ ነው፣ ማንንም አያስከፋም።

አዲስ አበባ ተቀምጠን ይህን እንዴት እንሞክረው? ለትምህርት ቤታችን ቅርብ ወደሆነው ቤተ ክርስቲያን ሄደን አስተዳዳሪውን አስፈቀድን። አባ ሲባጎውንና ደብተሩን አይተው «ዛፍ ቆጠራ ነው ወይስ ግብር ልታስከፍሉን?» ብለው ሳቁ። ከዚያም ፈቀዱልን። አምስት በአምስት ሜትር መደቦች በሲባጎ ከልለን ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር የበቀለውን መዘገብን።

ሥራው የጀመረው በጭቅጭቅ ነው። ግማሹ ቡድን የመዘገበው «ጽድ» የፈረንጅ ጽድ ሆኖ ተገኘ። ከሩቅ ሲያዩት ይሸውዳል። ፍሬው ግን አይዋሽም፦ የሐበሻው ጽድ ፍሬ ትንሽ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላና ለስለስ ያለ ነው፤ የፈረንጁ ደረቅ፣ እንጨት የሆነ፣ ሲበስል የሚሰነጣጠቅ። አንዷ አባል ሁለቱን በመዳፏ ይዛ እየዞረች ሁሉንም አስተማረች። እኔን ጨምሮ ማለት ይቻላል፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል እንደዚያ ግልጽ አይደለም።

ውጤቱ እንዲህ ነው። ሲሚንቶ በፈሰሰበት ቦታ ምንም የለም፤ ይህ አያስደንቅም። አፈር በሆነው የፊተኛው ግቢም፣ እነዚያ ግዙፍ ወይራዎች ሥር፣ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ከጀርባ፣ ሰው በማይሄድበት አጥር ጥግ ግን ቅጠሉ ተከምሮ በመሃሉ የወይራ ቡቃያዎች ብቅ ብቅ ብለዋል። ፍየል የለ፣ በግ የለ፤ ታዲያ የፊተኛውን ማን በላው? ልጆቹ ነገሩን የደረሱበት አንድ ቅዳሜ ጧት ግቢው ሲጠረግ ቆመው ሲያዩ ነው። የአዲስ አበባ ፍየል መጥረጊያ ነው! ቅጠሉ ሲጠረግ ዘሩም ቡቃያውም አብሮ ይሄዳል።

ይህን ግቢውን ለሚጠርጉት እናት መንገር ቀላል አልነበረም። «ልጆቼ፣ የእግዚአብሔር ቤት ይቆሽሽ ነው የምትሉኝ?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው የሚያገለግሉት ለበረከት እንጂ ለደመወዝ አይደለም። አባላቱም ክርክር አልገጠሙም። ከጀርባው ጥግ ይዘዋቸው ሄደው ቡቃያዎቹን አሳዩዋቸው። እማማ ጎንበስ ብለው ነካ ነካ አደረጉና «በሉ ከፊት አንዲት ጥግ ልተውላችሁ። ከዚያ አታስፉብኝ» አሉ። አባም ተስማሙ።

አሁን ከፊተኛው ግቢ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ መደቦች አሉን፤ አንዱ ይጠረጋል፣ አንዱ አይጠረግም። ጥላቸውና አፈራቸው ተመሳሳይ እንዲሆን ደክመንበታል። መጥረጊያው ነው ብለን እርግጠኛ መሆን ግን አንችልም። የእግር መርገጥም፣ የጸሐይ ማነስም ሊሆን ይችላል። ሦስት አባላት «ጉዳዩ የውሃ ነው» ብለው እስካሁን አቋማቸውን አልቀየሩም፤ ሐሳባቸውም መዝገቡ ላይ ሰፍሯል።

ችግኝ ተከላውን አልተውነውም፤ ዘንድሮ የምንተክለው ግን መቁጠርና ማጠር የምንችለውን ያህል ብቻ ነው። ቁጥሩ ማነሱ ቅር ያሰኘው አባል አለ፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል።

ክረምቱን ሰፈራቸው ቅርብ የሆኑ አባላት በየተራ እየሄዱ ይመዘግባሉ። መዝገቡ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ማንም ማየት ይችላል። በ2018 ዓ.ም. አባል መሆን የሚፈልግ ሐሙስ ከ9:30 ጀምሮ ባዮሎጂ ላብራቶሪ ይምጣ። ሲባጎ ሞልቶናል። ቤቱ ትርፍ ሜትር ያለው ይዞ ቢመጣ ግን አንጠላም።