ለክለባችን አብራሪዎች፦ የቅዳሜው ስብሰባ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ለማረፍ ሲቃረብ በወደቀው ትንሽ አውሮፕላን ምክንያት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በክለቡ ሀንጋር እንሰበሰባለን።

መንስኤውን የሚናገሩት መርማሪዎቹ ናቸው፤ እኛ አንገምትም። ስብርባሪውን ማንም አይንካ። ፎቶና ቪዲዮ ያላችሁ ለመርማሪዎቹ ስጡ፤ እዚህ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ። አደጋውን ያየ ሰው ከሌሎች ጋር ከማውራቱ በፊት ያየውን ዛሬውኑ ይጻፈው።

የምንነጋገረው ስለራሳችን አበራረር ነው። በተለይ ከማረፊያው በፊት ስላለው የመጨረሻ መታጠፊያ። የአስፋልቱን መስመር አልፈን ስንሄድ፣ ይበልጥ አጋድመንና በእግር መሪውን ገፍተን ለመመለስ እንቸኩላለን። ከፍታ ጠብቆ በ45 ዲግሪ አጋድሎ የሚዞር አውሮፕላን ስቶል የሚያደርግበት (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው) ፍጥነት 19 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በ60 ዲግሪ ደግሞ 41 በመቶ። እዚያ ዝቅታ ላይ ስቶል ካደረገ ለማገገም የሚበቃ ከፍታ የለም። ኃይል ሰጥቶ መውጣትና እንደገና ዞሮ መምጣት ይሻላል። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ተሳፋሪ አጠገባችን ሲኖር የምናፍር ይመስለኛል።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ፦ ከመሬት 500 ጫማ ላይ ፍጥነቱና መስመሩ ካልተስተካከለ ጎ አራውንድ (ማረፉን ትቶ እንደገና መውጣት) ግዴታ ይሁን ወይ? እኔ ይሁን ባይ ነኝ።

የአውሮፕላናችሁን የበረራ መመሪያና ሎግ ቡካችሁን (የበረራ መዝገባችሁን) ይዛችሁ ኑ። የምትመጡም የማትመጡም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ። የማትመጡ በ500 ጫማው ጉዳይ ያላችሁን ድምፅ አብራችሁ ጻፉ።