ዲትሮይትን ያነሳው መሸነፉ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም እንዴት ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። በቅርቡ ስፖርት ገጻችሁ ላይ የአሜሪካ ደካማ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ሆን ብለው እየተሸነፉ ቡድን ስለሚሠሩበት መንገድ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። በመጀመሪያ አመሰግናለሁ። ቅርጫት ኳስ በእኛ ጋዜጦች ብዙ ቦታ አያገኝምና ገና ርዕሱን ሳይ ደስ ብሎኛል። ግን ጸሐፊው ጥፋቱን ሁሉ ደጋፊው ላይ ደፍድፎ፣ «ደጋፊ ትዕግስት ስለሌለው ነው የሚጮኸው» ብሎ መዝጋቱን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ የዲትሮይት ፒስተንስ ደጋፊ ነኝ። ደሴ ላይ አርሰናልና ማንቸስተር የሚደግፍ ሞልቷል፤ ዲትሮይትን የምንደግፍ ጥቂቶች ነን፣ ግን አለን። ስለ ትዕግስት ከሆነ ወሬው፣ እኛን ጠይቁን።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ኤንቢኤ (ዋናው የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ውስጥ እንደ እግር ኳስ መውረድ የሚባል ነገር የለም። መጨረሻ የወጣ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ አይላክም፣ እንዲያውም ይካሳል። በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶች የሚመረጡበት ድራፍት አለ፤ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የዋንጫ ጥሎ ማለፍ) ያልገቡት ቡድኖች ዕጣ ይወጣላቸዋል፣ ብዙ የተሸነፈ ደግሞ ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ይሰፋል። ስለዚህ አንዳንድ የቡድን ኃላፊዎች «መሀል ሰፋሪ ከምንሆን ለሁለት ሦስት ዓመት እንውደቅና ኮከብ እንምረጥ» ይላሉ። ደህና ተጫዋቾቻቸውን ለሌላ ቡድን በልውውጥ ይሰጣሉ፣ ለወደፊት የሚሆን የምርጫ መብት ያጠራቅማሉ፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ልጆች ብቻ ይቀራሉ። ሊጉ ይህን ለመቀነስ ብሎ ከ2019 ጀምሮ (የአሜሪካውን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዕጣውን ቀይሮታል። ድሮ የመጨረሻው ቡድን አንደኛ የመምረጥ ዕድሉ 25 በመቶ ነበር፤ በ2019ኙ ለውጥ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ እኩል 14 በመቶ ሆነላቸው።

እና ዕጣ ዕጣ ነው። ዲትሮይት በ2022-23 ከሁሉም ቡድን በታች ሆኖ ጨረሰ፣ 17 አሸንፎ 65 ተሸነፈ። ያ ዓመት ፈረንሳዊው ቪክተር ዌምባንያማ የሚመረጥበት ነበር፣ ሁሉም ቡድን የጓጓለት ልጅ። ዕጣው ሲወጣ ዲትሮይት አምስተኛ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ብሶ 14 አሸንፎ 68 ተሸነፈ፣ አሁንም ከሁሉም በታች። ዕጣው ወጣ፣ አሁንም አምስተኛ። በዚያ ሕግ የመጨረሻ የወጣ ቡድን ሊወርድበት የሚችለው ዝቅተኛው ቦታ አምስተኛ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እሱው ደረሰን። በ2025 ደግሞ ዩታ ጃዝ 17 ብቻ አሸንፎ የመጨረሻ ወጣ፣ በዚያው ዓመት ጤነኛ ተጫዋች አላሰለፍክም ተብሎ 100 ሺህ ዶላር ተቀጥቶ ነበር፤ እሱም አምስተኛ ሆነ። አንደኛውን ዕጣ የወሰደው ዕድሉ 1.8 በመቶ ብቻ የነበረው ዳላስ ነው። ታዲያ ይህን «ስትራቴጂ» ብሎ ማሞካሸት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ደጋፊው ልምጣ። ጸሐፊው ያነሱት ጩኸት በ2023 ታኅሣሥ ላይ የነበረውን ነው። ያን ጊዜ ዲትሮይት በተከታታይ 28 ጨዋታ ተሸንፏል፣ በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ እንዲህ የተሸነፈ ቡድን አልነበረም። የአሜሪካ ምሽት ለእኛ ሌሊት ነውና ጨዋታው የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ደሴ በታኅሣሥ ምን እንደሚበርድ ለወሎ ሰው አልነግርም። ጋቢ ተከናንበህ፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝተህ፣ ቤተሰብ እንዳይነቃ ድምፁን ቀንሰህ ስልክ ላይ ነው የምታየው። ሃያ ሰባተኛው ሽንፈት ከብሩክሊን ጋር ነበር። የቡድናችን ወጣት ኮከብ ኬድ ከኒንግሃም ብቻውን 41 ነጥብ አስቆጠረ። ልጁ ኳሷን ይዞ ይገባል፣ ሦስት ሰው ይከበዋል፣ ጥግ ላይ ለቆመው ያቀብላል፣ ያ ልጅ ይስታል። እንደገና ይገባል፣ እንደገና ይከበባል። በመጨረሻ 118 ለ112 ተሸነፉ። የሜዳው ሕዝብ ባለቤቱን ቶም ጎረስን «ቡድኑን ሽጠው!» እያለ ጮኸ።

ያንን ጩኸት ደግማችሁ ስሙት እስቲ። ሕዝቡ ኬድ ላይ አልጮኸም። ልጆቹ ላይ አልጮኸም። የጮኸው ልጁን ብቻውን ባስቀሩት ሰዎች ላይ ነው። ትዕግስት ያጣ ደጋፊ ተጫዋቹን ነው የሚሰድበው፣ ይህኛው ግን ተጫዋቹን ከአለቆቹ ለይቶ ያውቃል። ሃያ ስምንት ጊዜ ተሸንፎም ቲኬት ቆርጦ የገባ ሰው ትዕግስት የለውም የሚባለው በየትኛው አገር ነው?

ችግሩ የቡድኑ አሠራር ላይ ነበር። ሜዳ ላይ የነበሩት ሃያ ዓመት ገና የሞሉ ወይም ትንሽ ያለፉ ልጆች ናቸው፣ ችሎታ ያላቸው ግን ሊጉን ያልለመዱ። እዚህ እኛ ጋ ገበሬው ወይፈን ሲያለማምድ ከወይፈን ጋር አይጠምደውም፤ ከለመደ በሬ ጋር ነው የሚያጣምረው፣ መስመሩን የሚያሳየው እሱ ነውና። ዲትሮይት ግን ወይፈን ከወይፈን ጠምዶ ነበር። ሜዳውን የሚከፍትላቸው ከሩቅ የሚመታ ሰው የለም፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የሚያረጋጋ ትልቅ ሰው የለም። አሠልጣኙን ሞንቲ ዊሊያምስን ለስድስት ዓመት በ78.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጥረው በዓመቱ አሰናበቱት። ለአሠልጣኝ ይህን ያህል የከፈለ ቤት ለልጆቹ አጋዥ መግዛት አቅቶት ነው?

አሁን በ2024 ክረምት የሆነውን እዩ። አዲሱ ኃላፊ ትራጃን ላንግደን መጣ። ኬድን አልለወጠም፣ ጄለን ዱረንን አልለወጠም፣ ኦሳር ቶምፕሰንን አልለወጠም። ልጆቹን እንዳሉ አስቀምጦ ያመጣው ትልልቅ ሰው ነው። ቶቢያስ ሃሪስን አስፈረመ፣ ከዚህ በፊት እዚያው ዲትሮይት የተጫወተ የተረጋጋ ሰው ነው። ማሊክ ቢዝሊን ለአንድ ዓመት በ6 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ በዚያ ሊግ ይህ ገንዘብ ብዙ የሚባል አይደለም፣ ሰውየው ግን በዓመቱ 319 ባለ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ፣ ከሊጉ ሁለተኛ። ቲም ሃርዳዌይ ጁኒየርን ከዳላስ አመጣ፣ እንዲያውም ዳላስ በላዩ ላይ የምርጫ መብት መርቆለት። አሠልጣኙ ደግሞ ጄቢ ቢከርስታፍ ሆነ።

ውጤቱስ? ከ14 ድል ወደ 44። ሦስት እጥፍ አልፎ! ፕሌይኦፍ ገቡ፣ ኒውዮርክን በራሱ ሜዳ 100 ለ94 አሸነፉ። ያቺ ድል ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያዋ የፕሌይኦፍ ድላቸው ነበረች፣ በመሀሉ 15 የፕሌይኦፍ ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈዋል። በመጨረሻ 4 ለ2 ተሸንፈው ወጡ፣ ግን ወላሂ ያን ሌሊት የተከፋ የዲትሮይት ደጋፊ አላየሁም። ተሸንፈን ደስ አለን። ደጋፊ ዋንጫ ብቻ የሚፈልግ ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር።

የድሮውን የሚያስታውስ ሰው ደግሞ ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ዲትሮይት በ2004 ሻኪልና ኮቢ ያሉበትን ሌከርስ 4 ለ1 አሸንፎ ዋንጫ ሲበላ ቡድኑን የሠራው ጆ ዱማርስ ነው። ቤን ዋላስ በድራፍት ጭራሽ ያልተመረጠ፣ ቻውንሲ ቢለፕስ ከቡድን ቡድን ሲንከራተት የቆየ፣ ሪፕ ሃሚልተን ከዋሽንግተን በልውውጥ የመጣ፣ ራሺድ ዋላስ ዓመቱ አጋማሽ ላይ የተጨመረ፣ ቴይሾን ፕሪንስ 23ኛ የተመረጠ። ሌሎች ቡድኖች የናቋቸውን ሰዎች ለቅሞ እርስ በርስ የሚገጣጠሙትን ነው ያሰለፈው። በዚያው ዘመን፣ በ2003፣ ዲትሮይት ሁለተኛ የመምረጥ ዕድል ነበረው። የወሰደው ዳርኮ ሚሊቺችን ነው። ከእሱ በኋላ የተመረጡት ካርሜሎ አንቶኒ፣ ክሪስ ቦሽና ድዌይን ዌድ ናቸው። ዳርኮ ምንም ሳይሆን ቀረ። ዋንጫውን ያመጣው ያ ትልቅ ዕጣ ሳይሆን ሰው አይቶ መምረጥ ነው።

ጸሐፊው ኦክላሆማን በምሳሌ አንስተዋል። እውነት ነው፣ ኦክላሆማ ሁለት ዓመት ክፉኛ ወድቆ በ2025 ዋንጫ በላ። ቼት ሆልምግሬንን በሁለተኛ ምርጫ ያገኘውም በዚያ ነው፣ ይህን አልክድም። ግን ዋናው ሰው ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር በዕጣ አልመጣም፤ በ2019 ፖል ጆርጅን ለክሊፐርስ ሰጥቶ በልውውጥ ያገኘው ነው። ጄለን ዊሊያምስም ከዚያው ልውውጥ በተገኘ ዕድል 12ኛ ላይ የተመረጠ ነው። ልጆቹ ሲበስሉ ደግሞ አሌክስ ካሩሶንና አይዛያ ሃርተንስታይንን ጨመሩላቸው። መሸነፉን ብቻ ቆርጦ ማውጣት ልክ አይደለም።

መሸነፉን ብቻ የያዘውን ማየት ከፈለጋችሁ ፊላደልፊያ አለ። የቡድኑ ኃላፊ የነበረው ሳም ሂንኪ ከ2013 ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ሆን ብሎ አወረደው። 19፣ 18፣ ከዚያ 10 ድል፤ ከ246 ጨዋታ 47 ብቻ። ካሜሩናዊውን ጆኤል ኤምቢድን አገኙ፣ ትልቅ ተጫዋች ነው፣ በ2023 የሊጉ ኮከብ ተብሏል። ግን ከዚያ ሁሉ ወዲህ የምሥራቁን ምድብ ፍጻሜ እንኳ አልደረሱም። እዚያም ደጋፊው «ሂደቱን እመኑ» እያለ ሲዘምር ነበር፣ ልብ በሉ፣ ትዕግስቱን ከማንም በላይ አሳይቷል። የተነገረው ዕቅድ ስለነበረ ታገሠ። ዕቅዱ ጎደሎ መሆኑ የደጋፊው ጥፋት አይደለም።

ይህን ሁሉ የምለው የአሜሪካ ነገር አንገብግቦኝ ብቻ አይደለም። እኛም ወሎ ውስጥ ቡድን አለን። ወልድያ ላይ በ2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ያን የመሰለ ስታዲየም ተመረቀ፣ ቡድኑም ፕሪሚየር ሊግ ላይ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ወረደ። ያኔ የወልድያ ሕዝብ እንዴት ደግፎ እንደነበር ሜዳ የገባ ሁሉ ያውቃል፣ የጎደለው ደጋፊ አልነበረም። በአገራችን ክለቦች የተለመደው አሠራር ተጫዋች ለአንድ ዓመት ለሁለት ዓመት ማስፈረም፣ ክረምት ሲመጣ ግማሹን መሸኘት፣ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። የአካባቢው ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ በዓመቱ እሱም ይሄዳል። ዲትሮይት ልጅ ብቻ ሰብስቦ ወደቀ፤ እኛ ደግሞ ልጅ ሳናሳድግ በየዓመቱ ትልቅ ሰው እንገዛለን። ሁለቱም ጋ የጎደለው አንድ ላይ ማጣመሩ ነው።

ቅርጫት ኳሱማ ጭራሽ ተረስቷል። ደሴ ውስጥ ትምህርት ቤት ግቢዎች ስትገቡ ሲሚንቶ ሜዳው አለ፣ ብረቱ አለ፣ መረቡ የለም። ልጆቹ ግን ከትምህርት በኋላ እስኪመሽ ይጫወታሉ፣ ኳሷ ገብታ ይሁን በጎን አልፋ እየተከራከሩ። ከእነሱ ውስጥ ኬድ ከኒንግሃም ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ስፖርት ገጻችሁ ላይ ለቅርጫት ኳስ በሳምንት አንድ ዓምድ ስጡት፣ ትንሽም ብትሆን። ሁለተኛ፣ የክለብ ኃላፊዎችን ስታነጋግሩ «ዘንድሮ ስንተኛ ትወጣላችሁ?» ከምትሏቸው «የትኞቹን ልጆች ነው ለሦስት ዓመት የምታቆዩት፣ ማንንስ ነው አጠገባቸው የምታስቀምጡት?» ብላችሁ ጠይቁልን። መልሱን በስማቸው አትሙት። ዕቅዳቸው በግልጽ ከተነገረን እኛ ደጋፊዎች እንታገሣለን፣ አብሽሩ። በሚቀጥለው ክረምት የዝውውር መስኮቱ ሲከፈት ያሉትን ከሠሩት ጋር አብረን እናየዋለን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ሮቢት